በራችን ላይ የተኛሁባቸው ሳምንታት

ለታናሽ እኅቴ ሠርግ ስምንት ሳምንት ሲቀረው መቀመጥ ተሳነኝ። መቆምና መራመድም አብረው ተስነውኝ ነበር፤ እነርሱ ግን ቀስ በቀስ ተመለሱ። መቀመጥ ብቻ፣ በዕድሜዬ ሙሉ እንደ ሥራ ቆጥሬው የማላውቀው ነገር፣ እንቢ አለኝ።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያቀና ጠባብ የኮረት መንገድ ዳር፣ ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለሠርጉ ጠላ የሚጠመቅበትን የውሰት ጋን ወደ ማድ ቤት ልናስገባ እኅቴ በአንድ ጆሮው እኔ በሌላው ይዘን ጎንበስ አልን። ጋኑ ባዶ እንደ ነበር ለመናገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ቀና ስል ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቋ አለ፤ ከዚያም ግራ እግሬን ከላይ እስከ ታች እሳት ወረደበት። እኅቴ ጋኑን ብቻዋን ይዛ "እታለም፣ ምን ሆንሽ? ልልቀቀው ወይስ ልያዘው?" ስትል እኔ በአራት እግሬ መሬት ላይ ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ ካርታ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው፤ የዕለት ሥራዬም በንድፍ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሬ ከአየር ላይ ከተነሡ ፎቶግራፎች ወንዞችንና ሸንተረሮችን በቀጭን ብዕር መገልበጥ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ስቀርብ ሕመሜን የገለጽኩት በማውቀው መንገድ ነው። "ከወገቤ በስተግራ ይመነጫል፤ በመቀመጫዬ መካከል አልፎ በጭኔ ጀርባ ይወርዳል፤ ከጉልበቴ በታች ወደ ውጭ ይታጠፍና በቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ትንሿ የእግሬ ጣት ላይ ይጠፋል" አልኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ብዕሩን አስቀመጠና "ገባር ወንዝስ አለው?" አለኝ።

"የለውም" አልኩት በቁም ነገር። "ሳስልና ሳስነጥስ ግን ይሞላል። ስስቅም እንዲሁ።"

"እንግዲያው ለጊዜው አይሳቁ" አለና ነገሩን አብራራልኝ። በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። መድኃኒቱ በአብዛኛው ትዕግሥት ነው። ሦስት ሳምንት ጠንካራ ነገር ላይ መተኛት፤ ዕቃ አለማንሣት፤ አለመጎንበስ፤ ከሁሉም በላይ እስኪሻለኝ አለመቀመጥ። "አልጋዎ የሽቦ ከሆነ ጣውላ ያንጥፉበት" ብሎ አሰናበተኝ።

አልጋዬ የሽቦ ነበር፤ ያውም መካከሉ እንደ ጀልባ የጎደጎደ። ጣውላ ደግሞ በዚያን ዘመን የሚገኘው በደብዳቤ ነበር። ቀበሌ ለከፍተኛ ይጽፋል፤ ከፍተኛ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ደብዳቤው እስኪደርስ ወይ እኔ እድናለሁ ወይ እኅቴ ትወልዳለች።

ጎረቤቶቻችን የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። "ገቡ" ስል ለእኔ ቀላል ቃል አይደለም። ከግቢው ሁለት ቤቶች በአንዱ እማማ የምንላቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ በሌላው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ከነባለቤታቸው ይኖሩ ነበር። ከሁለቱም ጋር ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ ስኖር ንግግራችን ከሰላምታ አልፎ አያውቅም። ኩራት አልነበረም፤ ከሰው ጋር ምን እንደሚወራ አላውቅበትም። ከሥራ እመለሳለሁ፤ እጅ እነሣለሁ፤ እገባለሁ፤ በሬን እዘጋለሁ። እማማ "እሷ ዘጋች፤ አሥራ ሁለት ከሩብ ሆኗል" እያሉ ሽሯቸውን ይጥዱ እንደ ነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ያን ዕለት ግን ወለሉ ላይ ተጋድሜ ስለነበር በሩን የሚዘጋ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱም ገብተው በላዬ ቆመው መከሩ። ሸማኔው ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቁም ሣጥኑን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ "እዚህ ግቢ ውስጥ ጠንካራና ጠፍጣፋ እንጨት አንድ ብቻ ነው ያለው" አሉና በራችንን በጣታቸው አንኳኩት። እውነታቸውን ነው። የእነርሱ በሮች ቆርቆሮ ናቸው። የእኛ ግን ከድሮው ባለቤት የቀረ የጽድ በር ነው፤ ከመቃኑ በውስጥ በኩል በሁለት ማጠፊያ ተለጥፎ ወደ ቤት ውስጥ የሚከፈት፣ ከባድና ቀጥ ያለ።

እኅቴ "ሌባስ?" አለች።

"በሰዓት እላፊ ሌባ ከየት ይመጣል? የግቢው በር ይቆለፋል" አሉ እማማ። "ደግሞስ መጥቶ ምን ሊወስድ ነው? በሩን? በሩን እሷ ተኝታበታለች!"

ሸማኔው በካቻቪቴ ብሎኖቹን ፈቱ፤ በሩ አልጋው ላይ ተጋደመ፤ የጥጥ ፍራሼ በላዩ ተነጠፈ፤ እኔም በፍራሹ ላይ። እማማ ከእግሬ ሥር ቆመው ትንሽ አዩኝና "ዘበኛ እንኳ የሚተኛው በር አጠገብ ነው፤ በር ላይ የምትተኛ ሴት ዛሬ አየሁ" አሉ። ሳቅሁ። እሳቱ እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ ሮጠ። ሐኪሙ ያለው እውነት እንደሆነ ያኔ አመንኩ።

በሩ በነበረበት ቦታ የሸማኔው ወፍራም ጋቢ ተሰቀለ። ከእንጦጦ የሚወርደው የታኅሣሥ ነፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ይነፋል፤ እኅቴ ከታች ሁለት ድንጋይ አስቀመጠችበት። ከብርዱ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ጨርቅ አይንኳኳም። ስለዚህ ማንም አላንኳኳም። "ቤቶች!" የሚል ድምፅና የሚገባ ራስ እኩል ይመጡ ነበር። የሸማኔው ባለቤት ቆሎ ይዘው፤ እማማ ከእንጦጦ ያስመጡትን ጠበል በጠርሙስ ይዘው።

"ወጌሻ ይይሽ። አንድ ጊዜ ቀጭ ካደረገሽ ነገ ትሮጫለሽ" አሉኝ እማማ።

"ሐኪሙ ማንም እንዳይነካኝ አዟል።"

"ጠበሉስ? ጠበል አይነካም፤ ይፈሳል።"

ፈሰሰብኝ።

አሁን ግን ለምን መቀመጥ ያን ያህል እንደ ጨነቀኝ ልናገር። እናታችን ስታርፍ እኅቴ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እኔ የዐሥራ ዘጠኝ ነበርኩ። ፀጉሯን የሠራሁት፣ ፊደል ያስቆጠርኳት፣ ትምህርት ቤት ሄጄ ስሟን ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ በወላጆቿ ፊት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ትስማለች፤ እነርሱም ተቀምጠው ይመርቃሉ። የእኅቴ የሚሳም ጉልበት የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ አንዲት ደቂቃ መቀመጥ አልችልም።

ነገሩን እንደ ልማዴ በሥርዓት አሰብኩበትና በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምሽት አማራጮቹን አቀረብኩላት። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር።

"አክስታችን ከደብረ ብርሃን ትመጣለች። እሷ በእኔ ቦታ ትቀመጥ" አልኩ።

"አክስቴን እወዳታለሁ። አላሳደገችኝም።"

"እንግዲያው እኔ እንዲሁ በተኛሁበት..."

"እንደ ሬሳ ተጋድመሽ ጉልበትሽን አልስምም! በሠርጌ ቀን?"

"ቆሜስ?"

"ቆመሽ? ምን ልትሆኚ፣ አውቶቡስ የምትጠብቂ?" ያጠፈችውን ልብስ መልሳ ዘረጋችውና እንደገና አጠፈችው። "እታለም፣ በዚህ ነገር ሒሳብ አትሥሪብኝ። ተቀምጠሽ ነው። ካልተቀመጥሽ ከዚህ ቤት አልወጣም። ሙሽራው ከፈለገ እሱ እዚህ ይግባ፤ በር እንደሆነ የለንም።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያን ጊዜ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። አላገባሁም፤ አልወለድኩም፤ በዚያም ብዙ አላዘንኩም። ግን በሕይወቴ አንድ ቀን እንደ እናት ተቀምጬ አንድ ልጅ ጉልበቴን እንድትስመኝ እመኝ ነበር። ምኞቴ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ የታየኝ ወገቤ ከከዳኝ በኋላ ነው።

ሦስቱን ሳምንት በሥርዓት ተኛሁ። ከጉልበቴ ሥር ትራስ፤ ጠዋትና ማታ በምጣድ ሞቆ በካልሲ የታሰረ ጨው በወገቤ ሥር። ከአልጋ መነሣት ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። መጀመሪያ ጉልበቶቼን አጣብቄ እንደ ግንድ በጎኔ እንከባለላለሁ፤ ቀጥሎ እግሮቼን ከአልጋው ጠርዝ እለቃለሁ፤ እነርሱ ሲወርዱ በክርኔ ተደግፌ እነሣለሁ። ከወገብ ታጥፎ መነሣት ክልክል ነው። እኅቴ ይህን እያየች ሁልጊዜ ማለዳ "ግንዱ ተንከባለለ፣ ግንዱ ቆመ" ትል ነበር። በቀሪው ጊዜ የአቡጀዲ ኮርኒሳችንን አጠናሁ። ዝናብ ካሳረፈባቸው ቡናማ ነጠብጣቦች ሦስት ሐይቅና አንድ ባሕረ ሰላጤ አገኘሁ፤ ለሸማኔው ባለቤት ሳሳያቸው "ይኼኛው እንኳ ዶሮ ይመስላል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዶሮ ሆኖ ቀረ።

ገና ሲውል ቆሜ እሄድ ነበር። መቀመጥ ግን አልሆነም። በበርጩማ ሞከርኩ፤ በወንበር ሞከርኩ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወንዙ ይሞላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በደጃፉ በርጩማዬ ላይ ሞክሬ ስነሣ ሸማኔው ከቤታቸው ሆነው ሲያዩኝ ኖሯል።

"እርስዎ እኮ አይቀመጡም" አሉኝ።

"ምን አደርጋለሁ ታዲያ?"

"ይታጠፋሉ። በርጩማው አጭር ነው፤ ጉልበትዎ ከወገብዎ በላይ ይወጣል። የታጠፈ ጨርቅ መስመር ያወጣል፤ የታጠፈ ወገብም እንዲሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ወገቤን አሞኝ ያውቃል? ይምጡ።"

ቤታቸው ውስጥ ሁለት የሽመና ጉድጓዶች ነበሩ። በአንዱ እርሳቸው ይሠራሉ፤ ሁለተኛው ባዶ ነበር። ሸማኔ የሚቀመጠው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው፤ እግሮቹ ወደ ጉድጓዱ ወርደው መርገጫውን ይረግጣሉ፤ ጭኑ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ወገቡ ሳያስበው ቀጥ ይላል። በባዶው ጉድጓድ አፍ ላይ ጋቢ አጥፈው አነጠፉልኝ። ተደግፌ ወረድኩ፤ እግሮቼን ለቀቅኩ፤ ጠበቅሁ። ወንዙ ከምንጩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልሞላም።

ሰዓቴን ሳይ ጊዜ "ይፍቱት" አሉኝ። "ሰዓት ያስጨንቃል። ጥለቱን ይዩ። ይህ ወይን ጠጁ መስመር እስኪያልቅ ይቀመጡ፤ ሲያልቅ ይነሣሉ።" የሚሠሩት የእኅቴን የሠርግ ቀሚስ ጥለት ነበር። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ክሩ ይጠቀጠቃል፤ መስመሩ እንደ ፀጉር በማይታይ ፍጥነት ያድጋል። የመጀመሪያው ቀን ወይን ጠጁ መስመር አልቆ ተነሣሁ። በድብቅ ያየሁት ሰዓት አራት ደቂቃ ይል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሄድኩ። ደብተር ያዝኩ፤ በአንዱ ዓምድ ቀን፣ በሁለተኛው ደቂቃ፣ በሦስተኛው የጥለቱን ቀለም ጻፍኩ። ወይን ጠጅ፣ አራት ደቂቃ። ወይን ጠጅና ሰማያዊ፣ ሰባት። ሰማያዊና ወርቅማው፣ ዘጠኝ። ሸማኔው ስለ አገራቸው ደጋ፣ ስለ ቀርከሃ ቤቶቻቸው ያወሩኛል፤ እኔ ስለ ካርታ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን የትውልድ መንደራቸውን ወንዝ ስም ነገሩኝና ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በቃሌ ነገርኳቸው። መወርወሪያቸውን ያዝ አድርገው "ሄደው ያውቃሉ?" አሉ። "አላውቅም፤ ስዬዋለሁ" አልኩ። ባለቤታቸውን ጠሩና እንደገና አስወሩኝ። ከሰው ጋር ምን እንደሚወራ አላውቅም ያልኩት እኔ፣ ከጉድጓዱ ስነሣ ወሬው እንዳይቋረጥ ቆሜ እጨርስ ነበር።

ሠርጉ ዐሥር ቀን ሲቀረው መቀመጫዬን ሞከርን። የልብሳችን ሣጥን ከፍታው ልክ ነበር፤ በላዩ ሁለት ጋቢ ታጠፈ፤ ተቀመጥኩ። እግሮቼ ከመሬት በትንሹ ተነሥተው ተንጠለጠሉ። እማማ ከደጅ ገቡ፤ ወደ ላይ አዩኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንቺ ልጅ፣ ዙፋን በወረደበት ዘመን አንቺ ትወጫለሽ? ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ ቀበሌ እንዳይሰማ!" አሉ።

ሳቄን ልይዘው ሞከርኩ። ሳቅን መያዝ ደግሞ ከመሳቅ ይብሳል። እግሬ ነደደ፤ ተሸክመው በሩ ላይ አስተኙኝ፤ ሁለት ቀን አልተነሣሁም። እማማ በጣም አዝነው አጥሚት ይዘው መጡ። እኅቴ ጣቷን ቀስራ "ከዛሬ ጀምሮ ለእሷ ቀልድ ክልክል ነው" አለቻቸው። "ታዲያ ምን ላውራት?" አሉ። "ጸሎት ያድርሱላት።" አደረሱልኝ፤ ግን በየመካከሉ እየሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ከወይን ጠጁ መስመር እንደገና ጀመርኩ። ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ቀለሞች አልፈው ጥለቱ አለቀ። ዐሥራ ስምንት ደቂቃ። ሸማኔው ቀሚሱን ከሸማው ዕቃ ላይ ቆርጠው አወጡና "እኅትዎ ይህን ስትለብስ የእርስዎን መቀመጥ ትለብሳለች" አሉኝ።

ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ የመንገዳችንን ንድፍ ሠራሁ። መኪኖቹ ወደ ውስጥ ስለማይገቡ ዋናው መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ጡሩምባቸው ሲሰማ እቀመጣለሁ። በዘፈን እየተራመዱ እስከ ግቢው ድረስ አምስት ደቂቃ፤ በር ላይ ክልከላው አራት፤ መግቢያ ሁለት፤ ከዚያ ጉልበት መሳም። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ጉልበቱ እንዲሳም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምተናል። ድምሩ ዐሥራ አንድ። ሰባት ደቂቃ ይተርፋል። ንድፉን ለእኅቴ አሳየኋት። "እታለም፣ ሠርግ ነው፤ መስኖ አይደለም" አለችኝ፤ ግን ንድፉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ያልቆጠርኩት ነገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታየ። የእኅቴ ጓደኞች ሚዜ ሊሆኑ መጥተው በዘፈናቸው ሊለማመዱ ደጃፉ ላይ ተሰለፉና አንዷ ቀጥ አለች። "በሩ የታለ?"

ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ልጃገረዶች በር ዘግተው፣ እየዘፈኑና እየተሳደቡ አናስገባም ማለታቸው የሠርግ ግማሽ ነው። በሩ ግን ከእኔ ሥር ነው።

"በጋቢ ነው የምንከለክለው?" አለች ልጅቱ።

እማማ የተጣለባቸውን የቀልድ ክልከላ ረስተው "ምን አለበት! ሙሽራው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ 'እንደምን ዋላችሁ' ብሎ ይገባላ!" አሉ።

እሑድ ማለዳ አልጋዬ ፈረሰ፤ ፍራሼ በጓዳ ወለል ላይ ተነጠፈልኝ፤ ሸማኔው በሩንና ካቻቪቴያቸውን ይዘው መጡ። ቤቱ በአግዳሚ ወንበርና በጠላ ማድጋ ተሞልቶ ስለነበር በውስጥ በኩል መቆሚያ አጡ። በውጭ ቆመው ገጠሙት። ከፍተው ዘጉት፤ ዘግተው ከፈቱት። "ይኸው! እንደ ድሮው" ሲሉ ከጓዳ ሰማሁ። እርሳቸው ሸማኔ እንጂ አናጢ አለመሆናቸውን በዚያ ሰዓት ያሰበ ሰው አልነበረም።

አምስት ሰዓት ገደማ ጡሩምባው ተሰማ። ተደግፌ ሣጥኑ ላይ ወጣሁ፤ ፊቴ ወደ በሩ ነው። አክስታችን ከጎኔ በወንበር ተቀመጠች። እኅቴ በዚያ ቀሚስ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ በስንጥቁ ታየኛለች። ሰዓቴን እጅጌዬ ላይ አደረግሁ። በአምስተኛው ደቂቃ ዘፈኑ ግቢ ገባ። አንድም ሴኮንድ አልተዛነፈም፤ በልቤ ኮራሁ።

ልጃገረዶቹ በሩን ዘግተው በጀርባቸውና በትከሻቸው ተደገፉት። ከውጭ የሙሽራው ሚዜዎች ገፉ። ከውስጥ ስድብ በዜማ ወጣ፤ ከውጭ ልመና በዜማ ገባ። አራት ደቂቃ አለፈ፤ በሩ አልተነቃነቀም። ልጃገረዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። "ዛሬስ ምን በልተን ነው?" አለች አንዷ። ከውጭ "ስንት ሆናችሁ ነው? ወንድ ጨምራችኋል!" የሚል ድምፅ መጣ። "አንድም ወንድ የለም! አቅም ካላችሁ ግቡ!" ዐሥር ደቂቃ። ዐሥራ ሁለት። ከልጃገረዶቹ ዋናዋ ደክማት "በቃ እንልቀቅላቸው" ብላ ዘወር አለች፤ ሌሎቹም ላላ አሉ፤ በሩ ግን እንደ ድንጋይ ጸና። የውጮቹ በሙሉ ኃይላቸው እየገፉ ነበር። "ኧረ ልቀቁ!" ይላሉ። "ለቀናል!" ይሏቸዋል። "ውሸት!"

በዐሥራ አራተኛው ደቂቃ ወንዙ ከምንጩ ተነሣ። እኅቴ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቴን አይታ ወጣች፤ "ውረጂ፣ ይቅር፤ ይቅርብኝ" አለችኝ በከንፈሯ። በዚያች ቅጽበት ዐይኔ በሩ ላይ አረፈ። ስምንት ሳምንት ተኝቼበታለሁ፤ እያንዳንዱን ጉጥ በወገቤ አውቀዋለሁ። በግራ በኩል ሁለቱ ማጠፊያዎች መኖር ነበረባቸው። የሉም። ማጠፊያዎቹ ውጭ ናቸው።

ሁሉም ነገር እንደ ንድፍ ተዘረጋልኝ። በሩ አሁን የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ለመግባት በገፉ ቁጥር በራሳቸው ላይ እየዘጉት ነው፤ እኛን ሳይሆን ራሳቸውን እየከለከሉ ነው። ልጃገረዶቹ ደግሞ እንዳይከፈት ሲገፉ የከረሙት ሊከፍቱት ነበር። የውጮቹ ስለሚበረቱ ካልተነገራቸው በቀር እስከ ሰዓት እላፊ እንዲሁ ይቆያሉ።

ጮህኩ። "እናንተ ውጭ ያላችሁ! አትግፉ! ልቀቁት!"

ዘፈኑ ቆመ። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ግቢ ድምፄ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። በጸጥታው መካከል እማማ "ማን ነው የጮኸው?" ሲሉ ሰማሁ።

ልጃገረዶቹ የእኔ ጩኸት ለመከላከያ የተሰጠ ትእዛዝ መስሏቸው እንደገና ሁሉም በአንድነት በሩ ላይ ወደቁ፤ ውጭ ያሉት ደግሞ ታዘው ለቀቁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ስድስት ልጃገረዶች ከነነጠላቸው በሙሽራውና በሚዜዎቹ ላይ ፈሰሱ። አበባው በአንድ በኩል ሄደ፤ ሙሽራው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ከሁሉ በላይ ሸማኔው፣ ከሚዜዎቹ ጋር ተሰልፈው ሲገፉ የቆዩት ሸማኔው፣ በሩን ከላይ እስከ ታች አይተው ራሳቸውን ያዙ። "ወይኔ! ገልብጬ ገጥሜዋለሁ!"

"እታለም ከዳችን!" አለች ከመሬት የተነሣችው ልጅ።

"የገዛ እኅቷን አሳልፋ ሰጠች! ወትሮም ለዙፋን የወጣ ሰው!" አሉ እማማ።

ሳቅሁ። ልይዘው አልሞከርኩም። እሳቱ ከወገቤ እስከ ትንሿ ጣቴ ወረደ፤ እኔም ሣጥኑን በሁለት እጄ ይዤ ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ አልወረድኩም። ሙሽራው ሣር እንደ ያዘ ገባ። ከእኅቴ ጋር ጎን ለጎን ተንበረከኩ። እሷ ቀኝ ጉልበቴን ሳመች፤ ከዚያ ግራውን፣ የሚያመኝን፣ ልክ ያልደረቀ ቀለም እንደምትነካ ቀስ ብላ። ጉንጯን እዚያው እንዳሳረፈች "ስንተኛ ደቂቃ ነው?" ብላ አንሾካሾከች።

"ዐሥራ ዘጠኝ።"

"በቃ ተነሺ።"

"ገና አልመረቅሁም።"

ምርቃት አጥንቼ ነበር፤ በወረቀት ጽፌ ሁሉ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። "በራችሁ ለሰው ይከፈት" አልኩ። "በየትኛውም በኩል ይከፈት።" ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የሸማኔው አሜን ነበር።

ቀሪውን ሠርግ ቆሜ ጨረስኩ፤ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ አንድ ሁለቴም ትከሻዬን ነቅንቄ። ለዚያ ሦስት ቀን በጓዳው ፍራሽ ላይ ተኛሁ። በአራተኛው ሸማኔው ካቻቪቴያቸውን ይዘው መጡ። "ስሕተቴ ነው፤ ላስተካክለው" አሉ። "ይተዉት" አልኳቸው። ለአልጋዬ የሚሆን ጣውላ ከሚያውቁት ሰው አምጥተውልኝ ነበር፤ እሱን ብቻ ተቀበልኩ።

በሩ ዛሬም ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። እማማ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድም ቀን አልለመዱትም፤ ማለዳ ማለዳ በትከሻቸው ይገፉታል። "ይሳቡት እማማ!" እላለሁ ከውስጥ። ገብተው፣ ቁጭ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ሁልጊዜ ያው ወቀሳ ነው። "ድሮ አሥራ ሁለት ከሩብ ትዘጊ ነበር፤ አሁን በርሽ እንደ ተከፈተ ያመሻል። በአንቺ ምክንያት ሽሮዬን መቼ እንደምጥድ አላውቅም።"